የሴሊን ዲዮን የፈረንሳይኛ ኮንሰርት አልበሞች፦ ከአራቱ የትኛውን ልስማ?

ሴሊን ዲዮንን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የታይታኒክን ዘፈን ከቪዲዮ ቤት እስከ ሠርግ አዳራሽ፣ ከካሴት ቤት እስከ ሚኒባስ ታክሲ ያልሰማ ማን አለ? ግን አብዛኞቻችን የምናውቃት በእንግሊዝኛ ስትዘፍን ነው። የፈረንሳይኛዋ ሴሊን ሌላ ሴት ናት ብል ብዙ አላጋነንኩም። ድምፁ ያው ነው። በእንግሊዝኛ ጣሪያ ትነካለች፤ በፈረንሳይኛ ግን ብዙ ጊዜ አጠገባችሁ ቁጭ ብላ የምታወራ ትመስላለች።

ይህችኛዋን ሴሊን ለመተዋወቅ ከስቱዲዮ ሥራዎቿ ይልቅ የመድረክ ቅጂዎቿን እመርጣለሁ። መድረክ ላይ ትንፋሿ ይሰማል። ሕዝቡ የሚወደው ዘፈን ሲጀምር የሚለቀው ጩኸትም ይሰማል። ደግሞ አሁን ነገሩ ሌላ ክብደት አለው። ታኅሣሥ 2022 ላይ ጡንቻን የሚያገትር ብርቅ ሕመም እንዳለባት ራሷ ተናገረች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሐምሌ 2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ መክፈቻ ከኤፍል ማማ ላይ ቆማ የዝነኛዋን ፈረንሳዊት ዘፋኝ የኤዲት ፒያፍን ዘፈን ስትዘፍን ስንቱ አለቀሰ! ከዚያ ምሽት በኋላ ብዙ ሰው ወደ ፈረንሳይኛ ሥራዎቿ ዞሯል። ጥያቄው እንግዲህ ከየት ልጀምር የሚለው ነው።

ዋናዎቹ አራት ናቸው። «አ ሎሊምፒያ» በ1994 ወጣ። «ላይቭ አ ፓሪ» በ1996 ተከተለ። «ኦ ኬር ዱ ስታድ» የ1999 ነው። የመጨረሻው «ሴሊን ዩን ሰል ፏ» በ2014 ታተመ። ከእነዚህ በፊት በ1985 ሞንትሪያል ውስጥ ፕላስ ዴ ዛር በሚባለው ቦታ የተቀዳ አንድ አለ። ያኔ ገና 17 ዓመቷ ነበር። እሱን ለሰብሳቢዎች እንተወው።

የመጀመሪያዬ የ1999ኙ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲለኝ እሱን አዘዝኩ። ምክንያቴ ቀላል ነው። የዘፈኖቹን ዝርዝር ሳይ የታይታኒኩ ዘፈን መጨረሻ ላይ አለ። «የማውቀው ካለበት አልከስርም» አልኩ። ሲዲው መጣ። የማውቀውን ዘፈን እየደጋገምኩ ሰማሁ፤ ሌላውን እየዘለልኩ ሄድኩ። ፈረንሳይኛው ከጩኸቱ ጋር ተደባልቆ አንዱም ጆሮዬ ውስጥ አልገባም። «ይቺ ሴትዮ በፈረንሳይኛ አትሆንም» ብዬ ፈርጄ አስቀመጥኩት። አንድ ዓመት ያህል አቧራ ጠጣ። በኋላ አሊያንስ ፈረንሳይኛ ይማር የነበረ ጓደኛዬ የ1996ቱን አሰማኝ። ስህተቱ የሷ እንዳልነበር ያን ቀን ገባኝ። አመራረጤ ነበር የተበላሸው።

ከዝርዝሩ በፊት አዳራሹን እዩ

የዘፈን ዝርዝር ያሳስታል። ብዙዎቹ ዘፈኖች ከአንዱ አልበም ወደ ሌላው ይደጋገማሉ። አልበሞቹን የሚለያቸው የተቀዱበት ቦታ ነው። ኦሊምፒያ 2 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ የድሮ የሙዚቃ አዳራሽ ነው። የ1996ቱ የተቀዳበት ዜኒት 6 ሺህ ገደማ ይይዛል። ስታድ ዴ ፍራንስ 80 ሺህ ገደማ መቀመጫ ያለው የኳስ ሜዳ ነው። የመጨረሻው ደግሞ ጭራሹን ጣሪያ የለውም፤ ኩቤክ ከተማ ውስጥ ያለ ሜዳ ነው።

ይህ ለዘፋኝ ትልቅ ነገር ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስታዲየም ውስጥ ከሩቁ ጠርዝ የተነሳ ጭብጨባ መድረኩ ጋ እስኪደርስ ከምቱ ወደኋላ ይቀራል። ስለዚህ ዘፋኙ ቃሉን ማስረዘም፣ ምልክቱን ማተለቅ፣ ለሕዝቡ ቦታ መተው አለበት። ሹክ ማለት አይሠራም። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ግን ሹክሹክታ ራሱ ዘፈን ነው። ስታዲየም ኮንሰርት የገባና ትያትር ቤት ሙዚቃ የሰማ ሰው ምን እንደምል ያውቃል።

የ1994ቱ፦ ኦሊምፒያ

ስለ አዳራሹ ሳላወራ አላልፍም። ኦሊምፒያ ፓሪስ ውስጥ ቡልቫር ዴ ካፑሲን ላይ ነው። በ1893 ተከፈተ። በ1954 ብሩኖ ኮካትሪክስ ተረክቦ ታላቅ የዘፈን ቤት አደረገው። አዳራሹ ሊዘጋ ሲቃረብ በ1961 መጀመሪያ ፒያፍ እዚያ ተከታታይ ኮንሰርት አቅርባ ከኪሳራ አወጣችው ይባልለታል። ቤልጅጋዊው ዘፋኝ ዣክ ብሬል በ1966 የስንብት ኮንሰርቶቹን ያቀረበው እዚሁ ነው። በፈረንሳይኛ የሚዘፍን ሰው ኦሊምፒያ ካልቆመ ገና አልተጠመቀም እንደማለት ነው።

ሴሊን መስከረም 1994 ላይ ቆመችበት። 26 ዓመቷ ነበር። ከአሥራ አራት ልጆች የመጨረሻዋ፣ ሻርልማኝ ከምትባል ትንሽ የኩቤክ ከተማ የመጣች ልጅ። ፓሪስ ያኔ ገና እየለመደቻት ነበር። ቅጂው ላይ ይህ ይታወቃል። ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ጎበዝ ተማሪ ነው የምትዘፍነው፤ አንድም ኖታ አታሳልፍም። ድምፁ ንጹሕ ነው። ባንዱም ቅርብ ሆኖ ይሰማል።

ይዘቱ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛም አለው። ፈረንሳይኛው ደግሞ በብዛት የሉክ ፕላሞንዶን ግጥም ነው። ፕላሞንዶን ከሚሼል ቤርዤ ጋር «ስታርማኒያ» የተባለውን ሙዚቃዊ ትያትር የጻፈ የኩቤክ ሰው ነው። ከዚያ የተውጣጡ ዘፈኖች ተቀጣጥለው ቀርበዋል፤ ለብቻው ደግሞ «ዚጊ» አለ። ሊወዳት የማይችል ልጅ የወደደች ሴት ዘፈን ነው። አልበሙ የሚዘጋው በብሬል «ካን ቶን ና ክ ላሙር» ነው፤ «ያለን ፍቅር ብቻ ሲሆን» እንደማለት። ብሬል በተሰናበተበት መድረክ ላይ የብሬልን ዘፈን መዝፈን ድፍረት ይጠይቃል። ቀስ ብላ፣ እንደ ጸሎት ትጀምረዋለች፤ ደረጃ በደረጃ ትወጣለች። ይህን አንድ ዘፈን ብቻ ለመስማት አልበሙን መክፈት ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮው ሕንፃ በኋላ ፈርሶ ጥቂት ሜትሮች ፈንጠር ብሎ እንደገና ተሠርቶ በ1997 ተከፈተ። ስለዚህ ሲዲው ላይ የምትሰሙት አዳራሽ ዛሬ የለም።

ጉድለቱስ? ትልልቆቹ የፈረንሳይኛ ዘፈኖቿ ያኔ አልተጻፉም ነበር። ያ ለጀማሪ ከባድ ጉድለት ነው።

የ1996ቱ፦ ላይቭ አ ፓሪ

መጋቢት 1995 ላይ «ደ» የተባለው አልበም ወጣ። ግጥምና ዜማው በአብዛኛው የፈረንሳዊው ዘፋኝና ደራሲ የዣን ዣክ ጎልድማን ነው። በፈረንሳይኛ ከተሠሩ አልበሞች ሁሉ በሽያጭ አንደኛ ነው። ጎልድማን ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ሁሉን ኖታ አታሳዪ ብሎ እንደመከራት በሰፊው ይነገራል። ሰማችው። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ፓሪስ ላ ቪሌት መናፈሻ ያለው ዜኒት ውስጥ ዘፈነች። ቅጂው በጥቅምት 1996 ወጣ።

ዜኒት እንደ ድንኳን በሸራ የተሸፈነ አዳራሽ ነው። በ1984 ሲሠራ ከመነሻው ለባንድና ለማይክ ታስቦ ነው የተሠራው። ድምፁ አይጮህም፤ የገደል ማሚቶ የለውም። ሕዝቡ ግን ብዙ ነው፤ ግጥሙንም በቃሉ ያውቀዋል። ልኩን ያገኘ ቦታ ነው ለማለት ይቻላል። ሕዝቡ ሲቀበላት እንኳ ድምፁ ከሷ በታች ይቆያል።

የ«ደ» አብዛኞቹ ዘፈኖች እዚህ አሉ። «ዢ ሴ ፓ» አለ፤ «አላውቅም» ነው ትርጉሙ። «ሌ ዴርኒዬ ሰሮን ሌ ፕረሚዬ» አለ፤ ይህ ለኛ ሰው አዲስ አይደለም፤ ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ የሚለው ነው። «ዢሬ ኡ ቱ ኢራ» ደግሞ «ወደምትሄድበት እሄዳለሁ» ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ሩት ለአማቷ ለኑኃሚን ያለችው ትዝ ብሎኝ ዝግ ያለ፣ የተከበረ ነገር ጠብቄ ነበር። ዘፈኑ ግን የሚያስጨፍር፣ የሚያላግጥ ነገር ነው። ሳቄ መጣ።

ከሁሉ በላይ «ፑር ክ ቱ ሜም ዘንኮር» አለ። «አሁንም እንድትወደኝ» በሉት። መሄድ የጀመረን ሰው ለማስቀረት ያልተቆፈረ ጉድጓድ የማትተው ሴት ናት። መድሃኒተኛ ጋ ድረስ እሄዳለሁ የምትል ዓይነት። የኛ አገር ሰው ይህን ዘፈን ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። «ቮል» ደግሞ «ብረሪ» ማለት ነው። በ1993 በሳንባ ሕመም ገና በ16 ዓመቷ ያረፈች፣ ካሪን የተባለች የእህቷ ልጅ መታሰቢያ ነው። ፒያኖና ድምፅ ብቻ እስኪመስል የሳሳ ቅንብር ነው። ስድስት ሺህ ሰው እንዴት ዝም እንደሚል ስሙት።

አሁን ለጀማሪ ትልቁን ምስጢር ልንገራችሁ። «ፎሊንግ ኢንቱ ዩ» የተባለው የ1996 የእንግሊዝኛ አልበሟ ካሴት በስንቱ ቤት ነበር? እዚያ ላይ ካሉት ሦስቱ፣ «አይ ዶንት ኖው»፣ «ኢፍ ዛትስ ዋት ኢት ቴክስ» እና «ፍላይ»፣ ከ«ደ» ወደ እንግሊዝኛ የተመለሱ ናቸው። የመጀመሪያው «ዢ ሴ ፓ»፣ ሁለተኛው «ፑር ክ ቱ ሜም ዘንኮር»፣ ሦስተኛው «ቮል» ነው። ሦስቱም «ላይቭ አ ፓሪ» ላይ አሉ። ዜማውን ስለምታውቁት ጆሯችሁ ለፈረንሳይኛው ቃል ነፃ ይሆናል። እኔን የታይታኒኩ ዘፈን ያሳሳተኝን ያህል እነዚህ ሦስቱ አስተካከሉኝ። የምታውቁት ዘፈን ያለበትን መፈለጋችሁ ጥፋት የለውም፤ ግን በእንግሊዝኛ የተዘፈነውን ሳይሆን በፈረንሳይኛ የተዘፈነውን ፈልጉ።

የ1999ኙ፦ ስታዲየሙ

ስታድ ዴ ፍራንስ በጥር 1998 ተመረቀ። በዚያው ክረምት ፈረንሳይ ብራዚልን 3 ለ 0 አሸንፋ የዓለም ዋንጫ ያነሳችበት ሜዳ ነው። ዓመት ሳይሞላው፣ ሰኔ 19 እና 20 ቀን 1999፣ ሴሊን ሁለት ምሽት አከታትላ ሞላችው። ከታይታኒክ በኋላ ነው፤ ዝናዋ ጣሪያ የነካበት ሰዓት። ከጀርባው ግን ሐዘን ነበር። ባሏና ሥራ አስኪያጇ ሬኔ አንጀሊል በዚያው ዓመት የጉሮሮ ካንሰር እንዳለበት ተነግሮት ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሥራ አቁማ ለረጅም ጊዜ አረፈች።

አልበሙ በእንግሊዝኛ ይከፈታል፤ በታይታኒኩ ዘፈን ይዘጋል። መሃሉ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነው። ጎልድማን ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ «ዢሬ ኡ ቱ ኢራ»ን አብሯት ይዘፍናል፤ እዚህ ጋ ስታዲየሙ ሲፈነዳ ሲዲው ራሱ የሚርገበገብ ይመስላል። ጎልድማን ከሠራላት የ1998 አልበም «ሲል ሱፊዜ ዴሜ» አለ፤ «መውደድ ብቻ ቢበቃ» ማለት ነው። «ኦን ን ሻንዥ ፓ»ም አለ። እነዚህ ሁለቱን በቀደሙት ሁለት አልበሞች ላይ አታገኟቸውም።

ለኔ የአልበሙ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው። መሃል ላይ ባንዱ ይለዝባል፤ በጊታር አጀብ የልጅነት ዘፈኖቿን እያቀጣጠለች ትዘፍናለች። የመጀመሪያው በ12 ዓመቷ እናቷ ያገዙበት ዘፈን ነው። በአንድ የኳስ ሜዳ ውስጥ የአንድ ቤት ሳሎን ተፈጠረ። ያኔ ሲዲውን ስዘልል ይህን ነበር የዘለልኩት!

ስለዚህ የ1999ኙ መጥፎ አይደለም። ለጀማሪ አይሆንም ነው የምለው። ግጥሙን ካወቃችሁ በኋላ ግን ከሕዝቡ ጋር ትዘፍናላችሁ፤ ያኔ ጩኸቱ ማስቸገሩ ይቀራል። ቤት ስታጸዱ ወይም ረጅም መንገድ ስትነዱ ከአራቱ የሚስተካከለው የለም። የኮንሰርቱ ፊልምም አለ፤ ከሲዲው ይረዝማል።

የ2014ቱ

ባጭሩ ልለፈው። ሐምሌ 27 ቀን 2013 ኩቤክ ከተማ፣ የአብርሃም ሜዳ። በ1759 እንግሊዞች ፈረንሳዮችን ያሸነፉበት፣ ኩቤክ ከፈረንሳይ እጅ የወጣችበት የጦር ሜዳ ነው። ከ254 ዓመት በኋላ አንዲት የኩቤክ ልጅ እዚያው ቆማ በፈረንሳይኛ ዘፈነች። አገሬው ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም። ጥቅሉ ውስጥ በዚያው ዓመት መጨረሻ ካደረገችው የአውሮፓ ጉዞ የተቀዳም አለ።

ድምፁ ወፍሯል፤ ረግቷል። አንዳንድ ዘፈን ከለመድነው ዝቅ ብሎ ይጀምራል። እኔ ይህን አልጠላሁትም። «ፓርሌ አ ሞን ፔር» የተባለው፣ ከአባቷ ጋር ማውራት የናፈቀችበት ዘፈን፣ በ26 ዓመት ሴት አፍ አያምርም ነበር። ግን ይህ አልበም ትዝታ ላላቸው ሰዎች ነው። ቀድማችሁ ሳታውቋት ከዚህ ብትጀምሩ፣ የማታውቁት ሰው ሃምሳኛ ዓመት በዓል ላይ እንደመገኘት ነው። ፊልሙን ግን እዩት፤ ከሲዲው ይልቅ እሱ ይበልጣል።

አንዱን ዘፈን በሦስት ቤት

አሁንም ካመነታችሁ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሙከራ አለ። «ዚጊ»ን ውሰዱ። በኦሊምፒያ፣ በዜኒት እና በስታዲየሙ ቅንጭብ ውስጥ ይገኛል። ኦሊምፒያ ላይ ታሪኩን ትነግራችኋለች። ዜኒት ላይ ታሪኩን እንደምታውቁ አውቃ ትጫወትበታለች። ስታዲየሙ ላይ አንዱን ቁራጭ ጣል ታደርግና ቀሪውን ለሕዝቡ ትተወዋለች። የትኛው ደስ እንዳላችሁ ወዲያው ታውቁታላችሁ። ያ ነው የናንተ አልበም።

ለብቻቸው የሚሰሙ፣ በጆሮ ማዳመጫ ማታ ማታ የሚሰሙ ሰዎች የ1994ቱን ይወዱታል ብዬ እገምታለሁ። ፈረንሳይኛ እየተማራችሁ ከሆነ ያለ ጥርጥር የ1996ቱ ነው። የጎልድማን ግጥም የዕለት ተዕለት ቋንቋ ነው፤ ቃላቱ አጭር ናቸው፤ ሴሊንም አጥርታ ትጠራቸዋለች። ግጥሙን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ አንድ ዘፈን ሦስት ጊዜ ብትሰሙ አራተኛው ላይ አብራችሁ ታንጎራጉራላችሁ። ለስጦታ ከሆነ ተቀባዩን እዩ፤ የታይታኒክ ትውልድ ለሆነች እናት ወይም አክስት የ1999ኙን ፊልም ስጧት፤ ሲዲውን ተዉት።

አውሮፓ ወይም ካናዳ የምትኖሩ አሮጌ ሲዲ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ሦስቱን የድሮዎቹን ብትፈልጉ አይጠፉም፤ በብዛት ታትመዋል። ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ፊልም ላላቸው የኮንሰርቱ ሲዲና የኮንሰርቱ ፊልም ስማቸው አንድ ነው፤ የዘፈኖቹ ቁጥር ግን አይገጥምም። በስልክ የምትሰሙ ደግሞ የአልበሙን ስም በፈረንሳይኛ ፊደል ጻፉ። «ሴሊን ዲዮን ላይቭ» ብቻ ካላችሁ የላስ ቬጋሱ የእንግሊዝኛ ኮንሰርት ቀድሞ ይመጣና እንደኔ መንገድ ትስታላችሁ።

የኔ ቅደም ተከተል ይኸው፦ ከ1996ቱ «ቮል»ን፣ ቀጥሎ ከ1994ቱ የብሬልን ዘፈን፣ ከዚያ የ1999ኙን የልጅነት ዘፈኖች። ሦስቱ በአንድ ስኒ ቡና ያልቃሉ። የታይታኒኩን ዘፈን ለጊዜው አትንኩት።